መርፌ

ሌሊት ሌሊት ሐዲድ እዘረጋለሁ። የምዘረጋው ማይንክራፍት በሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ነው፤ ምድሩም ዛፉም ጡብ በጡብ ላይ ተደርድሮ በተሠራበት ዓለም። ያስተማረኝ የእኅቴ ልጅ ነው። እርሱ ሰለቸውና ተወው፤ እኔ ግን ቀረሁበት።

በዚያ ዓለም የሐዲድ መቀየሪያ ማበጀት ሲያዩት ቀላል ነው። ሦስት መንገድ በሚገናኝበት ቦታ አንዲት ተራ ሐዲድ ቢያኖሩ ራሷ ወደ አንዱ ወገን ትታጠፋለች። ከጎኗ ማንሻ ተክለው፣ ሬድስቶን የተባለው ቀይ ዱቄት ኃይል ሲያደርስላት በቅጽበት ወደ ሌላው ወገን ትዞራለች። ጋሪ ሲያልፍባት ምልክት የምትሰጥ ሌላ ዓይነት ሐዲድም አለች፤ መቀየሪያዋን በእርሷ ለማዘዝ ስሞክር ግን ሦስት ሌሊት ፈጀሁ። ጋሪው እንዳለፈ ምልክቱ ይጠፋልና፣ ትእዛዙን ይዞ የሚቆይ አንድ ዘዴ ያስፈልጋል። በመጨረሻ በሁለት የሬድስቶን ችቦዎች ሠራሁት፤ አንዱ ሲበራ ሌላው ይጠፋል፣ እስኪያዙትም ድረስ እንደዚያው ይቆያል። ቤት አልመታ ያለኝ ስንኝ የተሳካልኝ ያህል ደስ አለኝ።

ደስታዬን ለአባቴ ለማሳየት ቸኮልሁ። አባቴ ዕድሜያቸውን በአሮጌው የጅቡቲ መስመር፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ በደረሰው ሐዲድ ላይ፣ መቀየሪያ ሲያንቀሳቅሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ተማሪ ሳለሁ ቅጽ ስሞላ ሥራቸውን «የመንግሥት ሠራተኛ» ብዬ እጽፍ ነበር። ብረት የሚገፉ መሆናቸውን መጻፍ አፍሬ።

መነጽራቸውን አስተካክለው መቀየሪያዬ ወዲያና ወዲህ ስትል ብዙ ጊዜ ተመለከቱ።

«ግማሹ የት አለ?» አሉ።

«የምን ግማሽ፣ አባባ?»

«በዚህና በዚያ መካከል ያለው።»

እውነት ነው፤ የለም። በጨዋታው ሐዲዷ ወይ ወደዚህ ናት ወይ ወደዚያ። በእውነተኛው መቀየሪያ ግን ጫፋቸው የሾለ ሁለት ተንቀሳቃሽ ብረቶች አሉ፤ አንደኛው ከዋናው ሐዲድ ጋር ሲገጥም ሌላው ይርቃል። ፈረንሳዮች አይጉዪ፣ ማለትም መርፌ፣ ይሏቸዋል። መርፌዋ በደንብ ካልገጠመች የመንኮራኩሩ ጠርዝ በክፍተቱ ይገባል፤ ባቡሩም ከሐዲዱ ይወጣል። ስለዚህ ትገፋለች፣ ትታያለች፣ ትቆለፋለች። መታየቷ ነው ሥራው።

አባቴ ያን ምሽት ከዚህ ቀደም ሰምቼው የማላውቀውን ነገሩኝ። በአንዲት ትንሽ ጣቢያ፣ በጨለማ፣ ማንሻውን ገፍተው «መንገዱ ዝግጁ ነው» ብለው በፋኖስ ምልክት ሰጡ። ወዲያው ልባቸው አልረጋ አለ። ሮጠው ተመልሰው ጎንበስ ሲሉ በመርፌዋና በሐዲዱ መካከል የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጠር ተሰንቅራለች። ቀዩን ፋኖስ አወዛወዙ፤ ባቡሩም ሳይደርስ ቆመ።

«ለማንም አልተናገርሁም» አሉ። «ምን ብዬ? የመጀመሪያውን ምልክት የሰጠሁት ሳላይ ነበር።»

ዝም አልሁ። በባንክ ቤት ሌላው ሰው አይቶታል እያልሁ የፈረምሁባቸው ወረቀቶች ፊቴ ተደረደሩ። ሁለት ፊርማ የሚጠየቀው ለምን እንደሆነ ለአዳዲስ ሠራተኞች የማስረዳው እኔው ነኝ።

በማግሥቱ ሌሊት ግማሽ ለመሥራት ሞከርሁ፤ ጨዋታው አይፈቅድም። በምትኩ ከመቀየሪያዋ በፊት ጋሪውን የሚያቆም ሐዲድ አኖርሁ፤ ወርቅማ ቀለም ያለው ኃይል ሰጪ ሐዲድ ኃይል ሲያጣ ልጓም ይሆናል። ቁልፉን ከመቀየሪያዋ አጠገብ ስላደረግሁት፣ በእግሬ ሄጄ ካልተጫንሁት ጋሪው አይንቀሳቀስም።

የእኅቴ ልጅ አይቶ ሳቀ። «አጎቴ፣ ሄደህ ምኑን ነው የምታየው? እዚያ እኮ ጠጠር የለም።»

አባቴ ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ «ጨለማ ነው፤ ብርሃን አድርግበት» አሉኝ።

ከመቀየሪያዋ ጎን አንድ ችቦ ተከልሁ።