«ይይዛል ወይ?»

አገር ቤት ሬዲዮ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ጣቢያውን መርጦ ነው ከቤቱ የሚወጣው። ሱቅ ገብቶም የሚጠይቀው ያንኑ ነው፦ «ጀርመንን ይይዛል? አሜሪካንን ይይዛል?» ሻጩ አንቴናውን መዝዞ ማዞሪያውን ያሽከረክራል፤ ከያዘ ወደ ዋጋ ይገባል፣ ካልያዘ ሌላ ከመደርደሪያ ይወርዳል። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ የማውቃቸው የሬዲዮ ወዳጆች ግን ከዕቃው ይጀምራሉ። ስንት ባንድ አለው፣ ደካማ ሞገድ ምን ያህል ይለቅማል፣ ያኛው ሞዴል ከዚህኛው በምን ይበልጣል እያሉ ወር ሙሉ ያነባሉ፤ ምን እንደሚሰሙበት የሚያስቡት ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ ነው። እኔ ከአገር ቤቱ ወገን ነኝ። በተለይ ሬዲዮው እዚህ ተገዝቶ እዚያ የሚሰማ ከሆነ፣ የዚህ አገር መመዘኛ ያሳስታል።

ወሎ ያለው አጎቴ ነገሩን በስልክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶታል፦ «የኔ ልጅ፣ ቁጥር የሚበራበትን ተወኝ፤ መርፌ ያለውን አምጣልኝ።» እንዲህ የሚሉ ብዙ አረጋውያን አሉ፤ ለምርጫቸውም በቂ ምክንያት አላቸው።

አንደኛው አፈና ነው። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት የዘር ማጥፋት ቅስቀሳ ካሰራጨው ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር አነጻጽረው፣ ስርጭቱን ለማፈን ዝግጅት እንዳለ በአደባባይ ተናገሩ። እንዲህ ባለው ጊዜ መርፌ ያለው ሬዲዮ የያዘ ሰው ማዞሪያውን ከጣቢያው ፈቅ ያደርገዋል፤ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ። የተናጋሪው ድምፅ ከመሃሉ ሞገድ ግራና ቀኝ ሁለት ቦታ ተደግሞ ስለሚጓዝ፣ የአፈናው ጩኸት በአንዱ በኩል ከከበደ በሌላው በኩል ቃሉ ሊለይ ይችላል። በቁጥር የሚሠራው ርካሽ ሬዲዮ ግን በ5 ኪሎኸርዝ እየዘለለ ይሄዳል፤ መሃል ላይ መቆም አያውቅም።

ሁለተኛው ምክንያት ከአሜሪካ ለሚገዛ ሰው የበለጠ ይጠቅማል። መካከለኛ ሞገድ ላይ የአፍሪካ ጣቢያዎች በየ9 ኪሎኸርዙ፣ የአሜሪካዎቹ በየ10ሩ ነው የተደረደሩት። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ለዓመታት የተሰማበት 873 ለ9 ይካፈላል፣ ለ10 አይካፈልም። ስለዚህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ዲጂታል ሬዲዮ ከ870 ወደ 880 ሲዘል ጣቢያውን ረግጦት ያልፋል። ብዙዎቹ ይህን የሚቀይር ማስተካከያ አላቸው፤ ግን ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጭኖ፣ ሦስት ሰከንድ ተጠብቆ የሚገኝ ነገር ነው። ያን በስልክ ለሰባ ዓመት ሰው ማስረዳት የሞከረ ያውቀዋል። መርፌ ግን 9ም 10ም አታውቅም፣ ዝም ብላ ትሄዳለች።

ድንጋዩም አለ። ቁጥርና ሰዓት የሚያበራ ሬዲዮ ተዘግቶም ቢሆን ከድንጋዩ ትንሽ ትንሽ ይጠጣል። መርፌ ያለው ሲዘጋ ተዘጋ ነው። የደከመ ድንጋይ አውጥቶ ፀሐይ ላይ የሚያሰጣ ቤት ይህን ልዩነት በኪሱ ይለካዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ላስገባ፤ ዛሬ የሚሸጠው «አናሎግ» ሁሉ አናሎግ አይደለም። ከላይ መርፌና ማዞሪያ ተለጥፎበት ከሥር በአንዲት ቺፕ የሚሠራ ብዙ አለ። መለየቱ ቀላል ነው። ማዞሪያውን በጣም በዝግታ ያንቀሳቅሱት። እውነተኛው ላይ ጣቢያው ከሩቅ እያፏጨና እየጠራ ይመጣል፤ ቺፕ ያለበት ላይ ጣቢያው ድንገት ዱብ ይላል፣ ድንገት ይጠፋል፣ በመካከሉም ፀጥታ ነው። ለኤፍ ኤም ቺፑ እንዲያውም ይሻላል። ለአጎቴ ግን አልገዛውም።

እውነተኛው አናሎግም ጉድለቱ አያንስም። ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ጣቢያው ከቦታው ይንሸራተታል፤ መስታወቱ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ግምት ነው። የባሰው ደግሞ የገባውን ሞገድ አንድ ጊዜ ብቻ ለውጠው የሚሠሩት ርካሾቹ አንዱን ጣቢያ ሁለት ቦታ ማሳየታቸው ነው። በእነዚህ ሬዲዮዎች ውስጥ የተለመደው የመለወጫ ሞገድ 455 ኪሎኸርዝ ስለሆነ፣ የጣቢያው ጥላ 910 ኪሎኸርዝ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ 9705 ላይ ያለው 8795 ላይም ይሰማል ማለት ነው። ገበያ ላይ ይህ ጉድለት እንደ በረከት ይሸጣል፦ «አየህ ስንት ጣቢያ እንዳለው!» ሁለት ጊዜ የሚለውጡት ዋጋቸው ከፍ ይላል፣ ጥላው ግን በጣም ይቀንሳል። አቅም ካለ ገንዘቡ እዚህ ላይ ቢወጣ ይሻላል።

ስለ ባንድ አጭር እላለሁ። አጭሩን ሞገድ በሙሉ በሁለት ክፍል ብቻ የሚያጭቅ ሬዲዮ አትግዙ፤ ማዞሪያው በፀጉር ስፋት ሲነካ ሦስት ጣቢያ ያልፋል። ባንዱን ለየብቻ የሚዘረጋ ይሻላል፤ ማምረቱ የቀረው የሶኒ አይ ሲ ኤፍ ኤስ ደብልዩ 11 እና የቴክሰን አር 9012 ዓይነት። ቢያንስ 49፣ 41፣ 31፣ 25 እና 19 ሜትር ይኑሩት። በኪሎኸርዝ ዝቅ የሚሉት (49 እና 41 ሜትር) ሌሊት፣ ከፍ የሚሉት (19 ሜትርና ከዚያ ያነሱት) ቀን ይሠራሉ፤ ሰማይ ላይ ሞገዱን መልሶ የሚያወርደው ንብርብር ከፀሐይ ጋር ስለሚለዋወጥ። የአገር ቤት ብልህ ገዢ «ማታ ሞክሬው ካልያዘ እመልሳለሁ» ብሎ የሚዋዋለው ለዚህ ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ የሚያሰራጨው የጀርመን ድምፅ የሚመጣው ማታ 1 ሰዓት፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሱቅ ውስጥ ጥርት ያለ ሬዲዮ ስለዚያ ሰዓት ምንም አይነግርም።

እዚህስ እንዴት ይሞከራል? አፓርታማ ውስጥ አይሞከርም። የኤል ኢ ዲ አምፖሉ፣ የስልክ ቻርጀሩ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ሁሉም በአጭር ሞገድ ላይ ይጮኻል፤ ብረቱና ኮንክሪቱ ደግሞ የቀረውን ያስቀረዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ፎቅ ላይ «አይረባም» ተብሎ የተጣለ ሬዲዮ ደሴ ላይ እንደ ልብ ሊናገር ይችላል። አገር ቤት መብራት ሲጠፋ ሬዲዮው እንዴት እንደሚጠራ የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ። ማታ ወደ ሰፊ መናፈሻ ይዛችሁት ውጡ። 6000 ኪሎኸርዝ አካባቢ ሃቫናን ፈልጉ፤ ከጎረቤቶቹ ለይቶ ካወጣው 49 ሜትሩ ደህና ነው። መርፌው እውነቱን ይናገር እንደሆነ ለማየት ደግሞ ኮሎራዶ ፎርት ኮሊንስ ያለው የሰዓት ጣቢያ፣ ደብልዩ ደብልዩ ቪ፣ በ5፣ በ10 እና በ15 ሜጋኸርዝ ሰከንዱን ሲቆጥር ይውላል። መጽሐፍ ላይ እንደምታነቡት ብዙ ጣቢያ አትጠብቁ፤ ቢቢሲ እንኳ ለሰሜን አሜሪካ በአጭር ሞገድ ማሰራጨቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2001 ነው።

የሚገርመው፣ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍል ኢንዲፔንደንስ ጎዳና ላይ፣ ከብዙዎቻችን መኖሪያ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ሆኖ ሲሠራ፣ አንቴናው ወደ አፍሪካ የዞረ ነበርና በአጭር ሞገድ ይሰሙት የነበሩት ወሎና ጎጃም ያሉት ናቸው፤ እኛ በኢንተርኔት ነበር። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ወጥቶ ሠራተኞቹ ከሥራ ሲታገዱና ስርጭቱ ሲቋረጥ መጀመሪያ ስልክ የደወለልኝ አጎቴ ነው። «ሬዲዮኑ ተበላሸ መሰለኝ» አለኝ።

የሚቀረው ዝርዝር ነው። ከጃፓን የመጣ አሮጌ ሬዲዮ ርካሽ ቢሆንም ለአገር ውስጥ ገበያቸው የተሠራው ኤፍ ኤም ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው፤ ፋና 98.1 እና ሸገር 102.1 ከዚያ በላይ ስለሆኑ ቤተሰብ ያዝናል። ከመግዛታችሁ በፊት እነሱ ሰፈር ሱቅ የሚገኘው ትልቁ ድንጋይ ይሁን ትንሹ ጠይቁ። ከሬዲዮው ጋር የሚመጣውን የግድግዳ አስማሚ ደግሞ አገላብጣችሁ አንብቡ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ እዚሁ ተዉት፤ አገር ቤት 220 ነው።