ባሕሩ ፋራ አይምርም! ላሙ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን አንብቡ

አራት ሆነን አንድ ካፌ ተቀምጠናል። ማኪያቶው በርዷል፣ ወሬው ግን ግሏል። "ዘንድሮ ላንጋኖ የለም፣ ባሕር ነው!" አለ አንደኛው። "የምን ባሕር?" ስንለው፣ "ላሙ ነዋ!" አለ፤ ላሙ ከሰፈሩ ቀጥላ ያለች ታክሲ ማዞሪያ ይመስል። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ሦስት ውሸት ተዋሸ። አንዱ ስለ ኪሱ ዋሸ። አንዷ ስለ ፓስፖርቷ ዋሸች። ሌላው ደግሞ "ዋና? እኔ እኮ ሶደሬ ነው ያደግኩት!" ብሎ ዋሸ። ሁለቱ ውሸቶች ገንዘብና ጊዜ አስከፈሉን። ሦስተኛው ግን ሰው ሊያስከፍለን ነበር።

ለማንኛውም ሁላችንም ደህና ተመልሰናል። ስለ ላሙ የምነግራችሁም ላስፈራራችሁ አይደለም፤ ሂዱ፣ እዩ፣ ተዝናኑ! ግን እንደኛ አትሂዱ።

ላሙ የት ናት?

ላሙ በሰሜናዊ የኬንያ ጠረፍ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያለች ደሴት ናት። ከምድር ወገብ ወደ ደቡብ ሁለት ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የምትርቀው፤ ስለዚህ ሙቀቱን ገምቱት። አሮጌዋ ከተማ ከ700 ዓመት በላይ ሰው ሳይለያት የኖረች የስዋሂሊ ከተማ ስትሆን፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ቤቶቹ የተሠሩት ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይና ባሕር ዳር ከሚበቅለው የማንግሮቭ እንጨት ነው። በሮቹ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የተቀረጹ ናቸው፤ አንዱን በር ብቻ ቆማችሁ ስታዩ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል።

መንገዱ? ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ከተላለፈ ትልቅ መንገድ ነው! መኪና የሚባል ነገር በዚያ አያልፍም። ሲሚንቶውንም፣ ሽንኩርቱንም፣ የእንግዳውንም ሻንጣ የሚሸከመው አህያ ነው። እዚህ አህያ ስናይ መንገድ ዘጋብን ብለን የምንሳደብ ሁሉ፣ ላሙ ላይ ግድግዳ ተለጥፈን አህያ አሳለፍን።

"ላሙ" ሲባል ወደብ ትዝ ያላችሁም አልተሳሳታችሁም። እ.ኤ.አ. በማርች 2012 የያኔው የኬንያ ፕሬዚዳንት ሙዋይ ኪባኪ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊና የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪር አብረው የመሠረት ድንጋይ ያስቀመጡለት ወደብ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ይዘረጋል የተባለው የመንገድና የባቡር ፕሮጀክት መነሻም እሱው ነው። የመጀመሪያው የመርከብ ማቆሚያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 ነው። ወደቡ ግን ያለው በየብሱ በኩል እንጂ አሮጌዋ ከተማ ውስጥ አይደለም። ክሬን አያለሁ ብሎ የሄደ፣ አህያና ድመት አይቶ ይመለሳል።

መቼ ይኬዳል?

የላሙን ዓመት የሚከፍለው ነፋስ ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው "ካስካዚ" ይባላል፤ ባሕሩ ረጋ ይላል፣ ሙቀቱ ግን በየካቲትና በመጋቢት ጭንቅላት ያዞራል። ከሚያዝያ ጀምሮ ነፋሱ ይዞርና ከደቡብ የሚመጣው "ኩሲ" ይገባል፤ ዝናቡም አብሮ ይመጣል። ግንቦት ላይ ዶፍ ነው፤ ብዙ ማረፊያዎችም ይዘጋሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ ነፋሱ ግን ይበረታል፣ ማዕበሉም ያይላል። እኛ የሄድነው ነሐሴ ላይ ነበር። ለምን ነሐሴ? እዚህ ክረምት ስለሆነ! ሌላ ምክንያት አልነበረንም። የባሕሩን ጠባይ የጠየቀ አንድም ሰው ከመሃላችን አልነበረም።

ረመዳን ከሆነም ቀድማችሁ እወቁ። ከተማዋ የሙስሊሞች ከተማ ናትና ቀን ቀን አብዛኛው ምግብ ቤት ዝግ ነው። ጀንበር ስትጠልቅ ግን መንገዱ ሁሉ ድግስ ይሆናል።

በምን ይኬዳል?

ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከናይሮቢ ላሙ ደግሞ በትንሽ አውሮፕላን ትሄዳላችሁ። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛ፣ ናይሮቢ አንድ ኤርፖርት ብቻ አይደለም ያላት። ከአዲስ አበባ የምታርፉት ጆሞ ኬንያታ ነው፤ ብዙ ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚነሱት ግን ዊልሰን ከሚባለው ነው። በመሃል ያለውን የናይሮቢን ትራፊክ ቦሌ መንገድ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አስቡት። ሁለተኛ፣ ትንንሾቹ አውሮፕላኖች ላይ የሚፈቀደው ሻንጣ ብዙ ጊዜ 15 ኪሎ ብቻ ነው። ከመሃላችን አንዷ ለአምስት ቀን ሦስት ጫማ ይዛ መጥታ፣ ለጫማዎቹ ብቻ የእራት ገንዘቧን ከፍላለች።

አውሮፕላኑ የሚያርፈው ማንዳ የምትባል ጎረቤት ደሴት ላይ ነው። ከዚያ በጀልባ ትሻገራላችሁ።

"በመኪና ርካሽ ነው" የሚላችሁ ይኖራል። በየብስ የሚወስደው መንገድ በሶማሊያ ድንበር አቅራቢያ ያለ አገር ነው፤ ባለፉት ዓመታት አልሸባብ ጥቃት ያደረሰበት አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2014 በየብሱ በኩል ባለችው ምፔኬቶኒ ከ60 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት የሰሞኑን የጸጥታ ሁኔታ ጠይቁ፤ ከሄዳችሁም በአየር ሂዱ። ብር ማትረፍ ጥሩ ነው፤ ነፍስ ግን አይተረፍባትም።

ፓስፖርታችሁንም ግለጡት! የእኛዋ እመቤት "አለኝ አለኝ" ስትል ከርማ፣ ለካ ሊያልቅ አራት ወር ነው የቀረው። ብዙ አገር ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ፓስፖርት ይፈልጋል። ለማደስ ስትሯሯጥ ትኬታችንን አራዝመን ቅጣት ከፈልን። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ቪዛን ትታ በኢንተርኔት የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ አምጥታ ነበር፤ ከዚያም ለአፍሪካውያን ደንቡን ደጋግማ አሻሽላለች። ስለዚህ "ጓደኛዬ አምና እንዲህ ነበር ያለኝ" አትበሉ፤ ራሳችሁ አጣሩ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ያዙ። የወባ አገር ነውና ሐኪም አማክሩ፤ ማታ ያለ አጎበር አትተኙ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ፌስታል ይዛችሁ እንዳትገቡ! ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች። የእናትን ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ቋጥሩት።

ስለ ኪስ እንነጋገር

ይሉኝታ ያጠፋናል። የጉዞው ሰሞን "እኔ ያለኝ ይህን ያህል ነው" ማለት ያፈረው ልጅ፣ ሦስተኛው ቀን ላይ "ሆዴን አሞኛል" እያለ እራት መዝለል ጀመረ። እኛም ሞኞች ሻይ በዝንጅብል አፈላንለት! ለካ የታመመው ኪሱ ነው።

አብራችሁ ከምትሄዱት ጋር ከመነሳታችሁ በፊት ቁጭ በሉና ገንዘቡን በአራት ክፈሉት፦ መጓጓዣ፣ መኝታ፣ ምግብ፣ አራተኛው ደግሞ የማይነካ። የማይነካው የመመለሻና የሕመም ገንዘብ ነው። ብር እዚያ ብር አይደለም፤ ምንዛሪውን ፓስፖርትና ትኬት ይዛችሁ እዚሁ ባንክ ጨርሱ። ደሴቲቱ ላይ የገንዘብ ማሽን እንደ ልብ አይገኝምና ሽልንግ ቀድማችሁ ያዙ። ከሁሉም ያነሰ ያለውን ሰው አቅም የጉዞው አቅም አድርጉት። ርካሽ ሆኖ አብሮ መሳቅ፣ ውድ ሆኖ ከመኮራረፍ ይሻላል።

ምግቡ ደግሞ እንኳን ውድ አልሆነ! በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ሩዝ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ጠዋት ጠዋት ሻይ በማሃምሪ፤ ማሃምሪ የእኛ ቦምቦሊኖ ዘመድ ነው፣ ሄል የሸተተው። ጾመኛም አይቸገርም፤ በኮኮናት የተሠራ ባቄላ መሰል ወጥ ከቻፓቲ ጋር አለ።

ሰዓታቸው የእኛው ነው!

ይኼን ስትሰሙ ትስቃላችሁ። ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው! ጀንበር ከወጣች በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሰዓት "ሳ ሞጃ" ነው፤ አንድ ሰዓት ማለት ነው። እኛ ይህን አናውቅም ነበር።

ማንዳ ደሴት ላይ ታክዋ የሚባል የጥንት ከተማ ፍርስራሽ አለ። መንገዱ በማንግሮቭ መሃል የሚገባ ጠባብ ውኃ ስለሆነ፣ ጀልባ የሚያልፈው ባሕሩ ሲሞላ ብቻ ነው። ሽማግሌው ባለ ጀልባ ቀብድ ተቀብለው በተሰባበረ እንግሊዝኛ "ነገ ሁለት ሰዓት" አሉን። እኛ አራዶቹ ተያየን። "ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ስለዚህ በእኛ ከቀኑ ስምንት" ተባባልን። ስምንት ሰዓት ላይ ተኳኩለን ስንደርስ ጀልባዋ ጭቃ ላይ ተጋድማለች። ውኃው የለም! ሽማግሌው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምረው ጠብቀውናል። ቀብዱ ቀረ፣ ቀኑም ባከነ። እንደ ባላገር አስበን ቢሆን ኖሮ ትክክል ነበርን!

ትምህርቱ፦ የአውሮፕላን ትኬት በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ከሰው ጋር ስትቀጣጠሩ ግን "ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት?" ብላችሁ ጠይቁ።

ጨዋነት

ከተማው ውስጥ ቁምጣና ጡት ማስያዣ አድርጎ መንጎራደድ ነውር ነው። ለሴትም ለወንድም ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። የመዋኛ ልብስ ለባሕሩ ዳርቻ ነው። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። መጠጥም እንደ አዲሳባ በየደጁ አይገኝም፤ ጥቂት ቦታ ብቻ ነው። ሰላምታ ግን አትቆጥቡ። ትልቅ ሰው ስታዩ "ሺካሞ" በሉ፤ "ማራሃባ" ብለው በፈገግታ ይመልሱላችኋል። ስትቸኩሉ ካዩ "ፖሌ ፖሌ" ይሏችኋል፤ ቀስ በቀስ ማለት ነው። ስታስቡት የእኛው "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ነው።

ምሽጉንም እዩት። በ1820ዎቹ መጀመሪያ ላይ የተጠናቀቀ ሲሆን፣ እስከ 1984 ድረስ እስር ቤት ነበር። አሁን ሙዚየም ነው።

አሁን ወደ ባሕሩ

ከአሮጌዋ ከተማ በእግር አርባ ደቂቃ ያህል ስትሄዱ ሼላ የምትባል መንደር አለች። ከእሷ ቀጥሎ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ነጭ አሸዋ ይዘረጋል። ከበስተኋላው የአሸዋ ኮረብታዎች አሉ፤ የዝናቡን ውኃ አጣርተው የሚያጠራቅሙት እነሱ ናቸው፣ ደሴቲቱም የምትጠጣው ከዚያ ነው። ቆሻሻ የጣለ ሰው የሰው እንስራ ውስጥ እንደጣለ ይቁጠረው።

ያን ቀን ስድስት ሰዓት ገደማ ነበር። ሙቀቱ ሌላ ነው። ውኃው እየጎደለ ወደ ውጭ የሚሸሽበት ሰዓት ነበር፤ እኛ ግን ምን እናውቃለን? የሶደሬው ልጅ ቲሸርቱን ወርውሮ ገባ። ጉልበቱ፣ ወገቡ፣ ደረቱ... እጁን አወዛወዘልን። እኛም አወዛወዝንለት። ፎቶም አነሳነው። ቆይቶ ግን እጁን ማወዛወዙን አላቆመም። ርቀቱም ጨመረ። "ኧረ ሰላም እያለን አይደለም!" ብላ የጮኸችው ባለ ሦስት ጫማዋ ናት።

ከመሃላችን የሚዋኝ አልነበረም። አንድም! ባሕሩ ዳር ቆመን መጮህ ብቻ ነበር የቻልነው። ያተረፉት መረብ ጭነው የሚያልፉ ሁለት ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ጎትተው አወጡት። አሸዋው ላይ ተኝቶ ጨው ውኃ ሲያስመልስ፣ አንደኛው ሰውዬ ምንም አልተቆጡም፤ ጭንቅላቱን ብቻ ዳበስ አድርገው መረባቸውን ይዘው ሄዱ።

ማታ ጣራ ላይ ተቀምጠን ነበር። ብዙ ቆይቶ፣ "ሶደሬ ሄጄ አላውቅም" አለ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ ያኛው ስለ ኪሱ ተናዘዘ። ያቺኛዋም ፓስፖርቷን አስቀድማ እያወቀች እንደደበቀችን አመነች። እኔም ተራዬን ተናገርኩ፦ ባሕር ስገባ ጉልበቴን ካለፈ እንደምፈራ። ከካፌው ጀምሮ እውነት የተነጋገርነው ያን ማታ ነው።

እኛ የደጋ ልጆች ባሕር አናውቅም። ይህ ነውር አይደለም፤ ነውሩ እንደሚያውቁ መሆን ነው። ስለዚህ፦

ከመሄዳችሁ በፊት እዚሁ በሆቴል መዋኛ ዋና ተማሩ። ቢያንስ በጀርባ መንሳፈፍን ልመዱ።

ውኃው መቼ እንደሚሞላና መቼ እንደሚጎድል በየጠዋቱ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። በዚያ ጠረፍ በመሙላቱና በመጉደሉ መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ሜትር በላይ የሚሆንበት ቀን አለ።

የማይዋኝ ሰው ከጉልበቱ አይለፍ። ማንም ሰው ብቻውን አይግባ።

ውኃው ከወሰዳችሁ ፊት ለፊት አትታገሉት፤ ጉልበት ይጨርሳል። ተረጋግታችሁ ተንሳፈፉ፣ እጅ አውጥታችሁ ተጣሩ። የምትዋኙ ከሆነ ወደ ጎን፣ ከዳርቻው ጎን ለጎን ሆናችሁ ከጅረቱ ውጡ።

ሰው ሲወሰድ አይታችሁ ዋና ሳትችሉ አትግቡ። የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩ፣ ጀልባ ጥሩ።

ላሙ ታምራለች። ከሰዓት በኋላ ባለ ሸራ ጀልባዎቹ ተሰልፈው ሲመለሱ፣ ከሁሉም መስጊድ አዛኑ በአንድ ጊዜ ሲነሳ፣ የቢሮ ጭንቅንቃችሁ ሁሉ ይረሳችኋል። ብቻ ሻንጣ ከመሸከፋችሁ በፊት ካፌ ውስጥ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ እኛ ያልጠየቅነውን።

"እውነት እንነጋገር፤ ዋና የሚችል ማነው?"

መልካም ጉዞ!