ዘጠናው ቀን ካለቀ በኋላ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈር ሴቶች አዘውትረው የሚጠይቁኝ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር አይደለም። «ሲስተር፣ ሥራ ልገባ ነው፣ ልጁን ምን ላድርገው?» ነው የሚሉኝ። ማዋለጃ ክፍል ስሠራ እናቲቱን ከነልጇ ስናሰናብት «እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ምንም፣ ውኃም ቢሆን እንዳትሰጪው» እንላት ነበር። ምክሩን ዛሬም እደግመዋለሁ። ሕጉ ግን ከወሊድ በኋላ የሚሰጣት 90 ቀን ነው። ቀድሞ በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ 60 ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ 90 ከፍ ማለቱ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም በሥራ ቀን እንኳ ቢቆጠር ስድስት ወር አይሞላም።

ቀሪውን የምንሸፍነው እኛ አያቶች ነን። አያት ከሌለች ከገጠር የዘመድ ልጅ ትመጣለች፤ አንዷ ሥራዋን እንድትቀጥል ሌላዋ ትምህርቷን ታቋርጣለች። ሞግዚት ከተገኘችም ልጁ ከለመዳት በኋላ ወደ ዓረብ አገር ትሄዳለች። አይፈረድባትም።

የጎረቤቴ ልጅ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። የሞግዚቱን፣ የታክሲውን፣ የዱቄት ወተቱን ስትደምር ከደሞዟ የሚተርፍ ስላጣች «ሁለት ዓመት ብቻ» ብላ ለቀቀች። ልጁ አሁን አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሥራ ስታመለክት በቅርብ የት እንደሠራች ይጠይቋታል። ባሏ ደግ ሰው ነው፤ ቢሆንም ለፀጉሯ ቅባት መግዣ ገንዘብ መጠየቁ እንደሚከብዳት ቡና ስንጠጣ ነግራኛለች። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። ወር በገባ ቁጥር አበሌን ስቀበል እሷ ትታወሰኛለች።

የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። ደህና አድርገው የያዙትን አይቻለሁ፤ እናቲቱ ረፋድ ላይ ወርዳ አጥብታ ወደ ጠረጴዛዋ ትመለሳለች። በሩ ላይ «የሕፃናት ማቆያ» ተብሎ ተጽፎ ውስጡ የመዝገብ ክምር የሆነም አይቻለሁ። አዳሪ ተረኛ የሆነች ነርስ ልጇን ማታ የሚቀበላት ማቆያ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ጉሊት ላይ ልጇን ካርቶን ውስጥ አስተኝታ ሽንኩርት የምትሸጠዋንማ የትኛው መሥሪያ ቤት ያስታውሳታል? ለእሷ የሚሆነው በየወረዳው፣ ከገበያው አጠገብ የሚከፈት ማቆያ ነው።

በካናዳ፣ ኩቤክ ክፍለ ሀገር፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የማቆያን ክፍያ በቀን 5 ዶላር ሲያደርግ ሥራ ላይ ያሉ እናቶች ቁጥር ጨምሯል። የማቆያዎቹ ጥራት ግን እኩል ስላልነበር በልጆቹ ላይ ስላመጣው ለውጥ ተመራማሪዎች ሲከራከሩ ኖረዋል። ርካሽ መሆኑ ብቻ አይበቃም ማለት ነው።

ስለዚህ ማቆያ ለማየት ስትሄዱ የግድግዳውን ሥዕል ተዉት። ዳይፐር የሚቀየርበት ቦታ ከሚመገቡበት የተለየ ነው? ቧንቧው ውኃ አለው? ትኩሳት ያለበት ልጅ ሲመጣ ምን ያደርጋሉ? አንዲት ሞግዚትስ ስንት ጨቅላ ይዛለች? እሳት ቢነሳ ስንቱን አቅፋ ትወጣለች ብላችሁ አስቡ። የታለበ የጡት ወተት በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ ከፍሪጅ ውጭ እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ በጡጦ ሳይሆን በኩባያ እንዲሰጡት ንገሯቸው።

እኛ አያቶችም አቅማችንን እንናገር። ስምንት ኪሎ ልጅ ቀኑን ሙሉ ማንሳትና ማስቀመጥ ለስልሳ ዓመት ጉልበት ጨዋታ አይደለም። እኔ ለልጄ ሦስት ቀን ብያታለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ልጁ ማቆያ ይውላል፤ እኔም ሐኪም ቤት ቀጠሮዬን የማስይዘው በእነዚያ ቀናት ነው።