መጀመሪያ ቅጂው

ቡናው እስኪደርስ ስለ ላፕቶፓችሁ ላጫውታችሁ። ስታበሩት ከዊንዶውስ ቀድሞ የሚነቃ ፕሮግራም አለ፤ ባዮስ ይባላል። ገብታችሁ የምታዩት ሴቲንግ ግን ብዙ ጊዜ ሙሉው አይደለም። አምራቾች ባዮሱን እንደ ፊኒክስና ኤኤምአይ ካሉ ድርጅቶች ይወስዱና፣ ተጠቃሚው ባይነካው ይሻላል ያሉትን ገጽ ይሰውሩታል። ገጹ ግን እዚያው ባዮሱ ባለበት ቺፕ ውስጥ ተቀምጧል።

የ2012ቱን ቲንክፓድ ኤክስ230 እንይ። ዋይፋይ ካርዱን ስትቀይሩለት፣ አዲሱ ካርድ ባዮሱ ከያዘው የስም ዝርዝር ውስጥ ከሌለ 1802 የሚል ስህተት ጽፎ ቀጥ ይላል። ካርዱ ጤነኛ፣ ማሽኑ ጤነኛ! ገንዘቤን ከፍዬ በገዛሁት ዕቃ ላይ የትኛው ካርድ እንደሚሰካ ሌላ ሊወስንልኝ አይገባም ባይ ነኝ። ለዚህ ሞዴል አይቪሬይን የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። መጀመሪያ ወደ ቆየ ባዮስ መመለስ ሊያስፈልግ ይችላል እንጂ፣ ማሽኑ ሳይፈታ ዝርዝሩን ያነሳል፤ የተሰወረውንም ገጽ ይከፍታል።

ሌላው መንገድ መፍታት ነው። ከእጅ ማሳረፊያው ሥር ባዮሱን የያዙ ባለ ስምንት እግር ሁለት ቺፖች አሉ፤ አንዱ 8፣ አንዱ 4 ሜጋባይት። ባትሪና ቻርጀር ተነቅሎ፣ ቺፑ በክሊፕ ተይዞ፣ ፕሮግራመር በሚባል የቺፕ ማንበቢያና መጻፊያ መሣሪያ ይነበባል። እዚህ ላይ እጃችሁን ልያዝ! አንዴ እንዳነበባችሁ የተሻሻለውን ባዮስ ወደ መጻፍ አትሂዱ። ሁለቴ ሦስቴ አንብቡና ፋይሎቹን አስተያዩ፤ በአንዲት ባይት እንኳ ከተለያዩ ክሊፑ በደንብ አልያዘም ይሆናል። ልክ የሆነውን ቅጂ በፍላሽም በሌላ ኮምፒውተርም አስቀምጡ። የማሽኑ የኔትወርክ አድራሻ እዚያ ውስጥ ስላለ፣ ከሌላ ላፕቶፕ የተቀዳ ባዮስ አይተካውም። ፕሮግራመሩንም እዩት፦ ጥቁሩ ርካሽ ሲኤች341ኤ ብዙ ጊዜ 3.3 ቮልት ለሚፈልገው ቺፕ በመረጃ መስመሩ 5 ቮልት ይልክበታል።

አዲስ ላፕቶፕ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ኢንቴል በ2013 ቡት ጋርድን አመጣ። አምራቹ ካበራው፣ እሱ ያልፈረመበት የማስነሻ ኮድ ሲገባ ማሽኑ አይነሳም፤ እንዲህ ያለውን ባትነኩት እመርጣለሁ።

ለባለሙያ የምትሰጡ ከሆነ ደግሞ፣ ከመጻፉ በፊት ያነበበውን ኦሪጅናል ፋይል በፍላሽ ተቀበሉት።