አጥንትም ጎታ ነው

ከቢቸናና ከሞጣ የመጣን ሰልጣኞች የየቀያችንን አረጋውያን ስናስብ ቀድሞ በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው የጎበጠ ጀርባ ነው። የጥንቱን የሚያውቁ ሰዎች «እሳቸውኮ መለሎ ነበሩ!» ይላሉ። ዛሬ ግን ምርኩዛቸው ከትከሻቸው በልጧል። «ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው» ይባልና ይታለፋል። እኛ ግን ስለ አጥንት ከተማርን ወዲህ ይህ መልስ አላጠግብ ብሎናል። ለመሆኑ እርጅና ምኑን ወስዶ ነው ሰውን የሚያሳጥረው?

አጥንት ለብዙ ሰው እንደ ድንጋይ የደረቀ ነገር ይመስለዋል። ነገሩ ሌላ ነው። በአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ካልሲየም ሲኖር፣ 99 በመቶው የተከማቸው በአጥንትና በጥርስ ነው። የቀረችው ጥቂት በደምና በሌላው አካል ውስጥ ሆና ልብን ታስመታለች፣ ጡንቻን ታንቀሳቅሳለች። ደም ካልሲየም ሲያንሰው ምሳ እስኪቀርብ አይጠብቅም፤ አንገት ውስጥ ካሉ ትናንሽ እጢዎች የሚወጣ ሆርሞን ያዝዝና ከአጥንት ይወሰዳል። ትርፉ ደግሞ በሽንት ይወጣል። እንግዲህ አጥንት ማለት የቤታችን ጎታ ማለት ነው፤ በታኅሣሥ ይሞላል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይጎድላል።

ችግሩ መኸሩ አጭር መሆኑ ላይ ነው። ጎታው የሚሞላው በልጅነትና በወጣትነት ሲሆን፣ 30 ዓመት ገደማ ላይ ሙላቱ ያበቃል። በማደግ ላይ ያለ ሕፃን ከሚመገበው ካልሲየም አንጀቱ እስከ 60 በመቶ ሊመጥጥ ይችላል፤ የጎልማሳ አንጀት ግን 25 በመቶ ገደማ ቢመጥጥ ነው፤ በእርጅና ከዚያም ይወርዳል። ለምን ቢሉ፣ አንጀት ካልሲየምን ለመቀበል ቫይታሚን ዲ ያስፈልገዋል። ይህን ቫይታሚን ቆዳ በፀሐይ ኃይል ይሠራዋል፣ ጉበትና ኩላሊት ደግሞ ለሥራ ብቁ ያደርጉታል። ያረጀ ቆዳ የሚሠራው ጥቂት ነው፣ የደከመ ኩላሊትም እንደዚሁ። አባቶቻችን ጧት ጧት ደጅ ወጥተው ፀሐይ መሞቃቸው ደግ ነገር ነበር፤ ታዲያ በጋቢ ተጀቡነው ዓይናቸው ብቻ ሲታይ ፀሐይዋ የቱን ቆዳ ታግኝ! በእናቶቻችን ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ ጎታው ቶሎ ቶሎ ይጎድላል። የሳሳው የጀርባ አጥንት እየተጨፈለቀ ቁመት ያሳጥራል፤ በክረምት ጭቃ አዳልጧቸው ቢወድቁ ዳሌያቸው ይሰበራል።

ምግባችንስ? በዚህ በኩል የአገራችን ጤፍ ከስንዴ የበለጠ ካልሲየም አለው። እርግጥ ፋይቴት የተባለው ነገር ካልሲየሙን ይዞ አልለቅም ይላል፤ ሊጡ ሲቦካ ግን የፋይቴቱ ከፊል ይፈርሳል። እርሾ ጥለው ቀን የሚጠብቁት እናቶቻችን ኬሚስትሪ ሳይማሩ ይህን መሥራታቸው ያስደንቃል። በጾም ወተት ሲቀር ደግሞ ጎመን አለ። ጎመንን የድሀ ወጥ አድርገው የሚያቃልሉ ሰዎች ነገሩን ቢያዩት ይሻላል።

ጎታ ታዲያ ፍሬውን ብቻ አይቀበልም፤ እንክርዳዱም አብሮ ይገባል። በአንዳንድ ኩል ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ወደ ሰውነት ከገባ ካልሲየም መስሎ አጥንት ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይደበቃል፤ በስተርጅና አጥንት ሲሳሳ ተመልሶ ወደ ደም ይወጣል።

የፍሎራይድ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ሊያነጋግረን ይገባል። ለዚህ ትልቁ ያገራችን ምሳሌ ከጎጃም ርቆ በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ ይገኛል። በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ለብዙ ዓመታት ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ጠጥተዋል። የዓለም የጤና ድርጅት የወሰነው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ከ10 ሚሊ ግራም ያለፈባቸው ጉድጓዶች አሉ። ጎልማሳ ሰው ወደ ሰውነቱ ከገባው ፍሎራይድ ግማሽ ያህሉን በሽንት ያስወጣል፤ የቀረው አጥንት ውስጥ ይገባል። ሕፃን ከዚህ የበለጠ ያስቀራል፤ ኩላሊቱ የደከመ አዛውንትም እንዲሁ። በወንጂ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይህን ውሃ ከጠጡት መካከል አንገታቸውን ማዞር፣ ወገባቸውን ማጠፍ ያቃታቸው ነበሩ፤ ነርቫቸው ተጨፍልቆ እግራቸው የሰለለም አሉ።

ልብ በሉ፤ የወንጂውን የጎበጠ ሠራተኛና የሞጣዋን የጎበጠች እማማ ጎን ለጎን ቢያቆሟቸው አንድ በሽታ የያዛቸው ይመስላሉ። የእሳቸው ጎታ የጎበጠው ጎድሎ ነው፤ የሠራተኛው ግን የማይገባው ነገር ሞልቶበት ነው። የእሱ አጥንት ከልክ በላይ ይወፍራል፣ ግን ጥንካሬ የለውም። ለሁለቱም «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ እንዴት ይሆናል? እኛ ነገ ክፍል ውስጥ የምናገኛቸው ልጆች ጎታቸው ገና በመሞላት ላይ ያለ ነው። በጎጃም ደጋ ምንጮች ፍሎራይድ በአብዛኛው ዝቅተኛ ስለሆነ የእኛ ልጆች ዋና ጉዳይ ወተቱ፣ ጎመኑና ፀሐይዋ ናቸው። ስምጥ ሸለቆ የሚመደብ መምህር ግን ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ውሃው ይጠይቅ።

ፍሎራይድን ከውሃ ከሚያጣሩባቸው ዘዴዎች አንዱ የከብት አጥንት ከሰል መሆኑን ስንሰማ ተገርመን ነበር። አጥንቱ ተቃጥሎና ደቅቆ በማጣሪያ ውስጥ ይደረጋል፤ በሕይወት ሳለ እንደሚያደርገው ሁሉ ፍሎራይዱን ከውሃው እየለቀመ ይይዛል። ሲጠግብ ወጥቶ በሌላ አጥንት ይተካል።