አማርኛ በተቆለፈ ላፕቶፕ

እኛ አገር ቪፒኤን ማለት መክፈቻ ነው። በ2015 ዓ.ም. ቴሌግራምና ፌስቡክ ሲዘጉ ያላወረደ ማን ነበር? የመሥሪያ ቤቴ ቪፒኤን ግን ተቃራኒው ነው፤ እሱን ሳበራው ዩቲዩብ ይዘጋል። ኢንተርኔቱን የምከፍለው እኔ፣ ጠረጴዛው የእናቴ፣ ላፕቶፑ ግን የእነሱ ነው።

ቤት ሆኜ ለአንድ የውጭ ድርጅት የአማርኛ ትርጉም አርማለሁ። ላፕቶፑ ፍላሽ አያነብም። ፕሮግራም ልጫን ስል የማላውቀውን ፓስወርድ ይጠይቀኛል። አምስት ደቂቃ ካልነካሁት ይቆለፋል፤ ቡና ለመቅዳት እንኳ አይበቃም። ይሁን፣ ይሄን እረዳለሁ። የሰው መረጃ አለበት፣ ላፕቶፕ ደግሞ ታክሲ ውስጥ ይጠፋል። ያልገባኝ አንድ ነገር ነው፦ የአማርኛ ኪቦርድ መጨመር ተከልክሏል። አማርኛ ለማረም ቀጥረውኝ! ኪቦርዱ እኮ ከውጭ የሚመጣ አይደለም፣ ዊንዶውስ ውስጥ ያለ ነው፤ ሴቲንጉን ነው የቆለፉት።

ስልኬ ላይ ጽፌ ለራሴ ብልክስ? የሥራ ጽሑፍ በግል ስልክ አይለፍ ይላል ደንቡ። ስለዚህ መጀመሪያ ከሚመጡልኝ ጽሑፎች ፊደል እየለቀምኩ ኮፒ ፔስት አደርግ ነበር። "ጴ" ካስፈለገ ጴጥሮስ የሚባል ሰው እስኪመጣ መጠበቅ ነው። በኋላ ዎርድ ላይ አንድ ዘዴ አገኘሁ። እያንዳንዱ ፊደል የዩኒኮድ ቁጥር አለው፤ 1200 ጽፌ አልትና ኤክስን አንድ ላይ ስጫን "ሀ" ይሆናል፣ 1230 ደግሞ "ሰ"። እንዲህ እያልኩ ገበታውን በሙሉ አወጣሁት፤ 33 በ7፣ 231 ፊደል፣ ዲቃሎቹን ሳልቆጥር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ዓረፍተ ነገር ማስተካከል ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። የሚከፈለኝ በቃል ብዛት ነው፣ እና ስንት ብር እንደቀረብኝ ማስላቱን ትቼዋለሁ። የሚከብደው ሌላ ነው። ስህተቱን በማየትና በማረም መካከል ሦስት ደቂቃ ሲኖር "ይለፍ፣ ማን ያየዋል?" ማለት ያምራል። ያንን አፕ የሚከፍቱት ደግሞ እንደ እናቴ ያሉ፣ ከአማርኛ ሌላ የማያነቡ ሰዎች ናቸው።

ለአይቲ ክፍል ጻፍኩ። "ለምን ሥራ ነው የሚያስፈልግሽ?" አሉኝ። ከቅጥር ውሌ የሥራ መደቡን ቆርጬ ላክሁላቸው፤ "የአማርኛ አራሚ" ይላል። በ11ኛው ቀን ተከፈተ፣ ያውም ለእኔ ብቻ። ትግርኛ የሚያርመው ባልደረባዬ ጥያቄ ዛሬም "በሂደት ላይ" ነው። በሥራ ቻታችን ገበታዬን ላክሁለት፤ የጎደለችውን "ቐ" ደግሞ ለብቻዋ፣ 1250።