መሰላሉን ልኬልሻለሁ

ጉለሌ፣ ጥቅምት 12 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

ደብረ ብርሃን በሰላም ገብተሽ የደወልሽ ዕለት የቤቱን ስፋት፣ የግቢውን ጽድ፣ የጎረቤቶችሽን ደግነት ስታወሪልኝ ቆየሽና መጨረሻ ላይ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «አባዬ፣ ጣሪያው ግን ያፈሳል። አንድ ሰው መጥቶ አይቶት ሙሉ በሙሉ ይቀየር ብሏል፤ ቀብድም ጠይቆኛል» አልሽኝ። እናትሽ በቤቱ ደስ ብሏት ተኛች። እኔ ስለ ሰውየው ሳስብ አነጋሁ። ስሙን አላውቀውም፤ ሥራውን ግን ሳላውቀው አልቀርም።

መጀመሪያ ይህን ንገሪኝ፦ ጣሪያው ላይ ሲወጣ አብሮት የወጣ ሰው ነበር? አብሬው የሠራሁ አንድ ሰው ሹል ምስማር በኪሱ ይዞ ነበር የሚወጣው። ሲወርድ ጣሪያው ላይ ጠዋት ያልነበሩ አራት አምስት ቀዳዳዎች ይገኛሉ። ባለቤቱ ታች ሆኖ አንገቱን ሰቅሎ ይጠብቃል፤ «አልቋል፣ ጌታዬ» ይባላል፤ ያምናል። ሌባ ጣሪያን የሚወደው ለዚህ ነው። የተሰነጠቀ ግድግዳ በየቀኑ ይታይሻል፣ ያልያዘ በር በየቀኑ ያናድድሻል፤ ጣሪያን ግን ከተከደነ በኋላ ወጥቶ የሚያየው የለም።

ስለዚህ ለማንም ቀብድ ሳትሰጪ ራስሽ እዪው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ከኮርኒሱ አንዱን አስነሺና በርና መስኮቱን ዘግተሽ ወደ ላይ ተመልከቺ። ቀዳዳ ካለ በቀትር እንደ ኮከብ ያበራል። ብርሃኑ በምስማሮቹ ዙሪያ ብቻ ከሆነ የሚቀየረው ምስማሩና ጎማው ነው እንጂ ቆርቆሮው አይደለም። ቆርቆሮው በጣት ሲነካ የሚረግፍ ከሆነ ግን ሰውየው እውነቱን ነው፤ አልጨክንበትም።

ደግሞ በዚያ ብርድ አገር ሌላ ነገር አለ። ሌሊቱን ዝናብ ሳይጥል ጠዋት ጣሪያው ሲያንጠባጥብ ካየሽ እሱ ማፍሰስ አይደለም። የሰው ትንፋሽና የምድጃው እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ የቀዘቀዘውን ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይብሳል። መድኃኒቱ አየር ማስወጫ ነው። ለዚህች ጤዛ ብለው ሙሉ ጣሪያ ያስቀየሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ በዓመቱ ያው ውሃ ከአዲሱ ቆርቆሮ ላይ ይንጠባጠብባቸዋል።

እንግዲህ እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። በ1979 ዓ.ም. አናጢነት ስማር አንድ ተቋራጭ ዘንድ ረዳት ሆኜ ገባሁ። የአንዲት ባልቴት ቤት ስንከድን ውላቸው ሞራሌው በየ70 ሳንቲም ይመታ ይላል፤ እኛ በየሜትሩ መታን። ምስማሩም በእያንዳንዱ ሞራሌ ላይ መሆን ሲገባው አንድ እየዘለልን ነበር። የተረፈው እንጨትና ምስማር ማታ ተሸጠ። የእኔ ድርሻ 3 ብር ነበር፤ በብሩ ጫማዬን አስጠገንኩ። ሴትዮዋ እኛ ላይ ሆነን ስንመታ ታች ቡና ያፈሉልን ነበር። በመጋቢቱ ነፋስ የቤቱ ግማሽ ክዳን ተገንጥሎ ጎረቤት ግቢ መውደቁን ሰማሁ። ሰው አልተጎዳም። ሄጄ ግን አላየኋቸውም፤ ያን ሰፈር ለብዙ ዓመት ዞሬ ነበር የማልፈው። ይህን የምነግርሽ እንድትፈርጂብኝም እንድታዝኚልኝም አይደለም። ባልቴቲቱ አንድ ቀን መሰላል ላይ ወጥተው ቢሆን ኖሮ ያን ሥራ ባልሠራነው ነበር፤ ይህን እንድታውቂ ብዬ ነው።

ስለዚህ ሥራው ሲጀመር የምትቀሪበት ቀን ቢኖር እንኳ እንጨቱ የሚመታበት ቀን አይሁን። ከመሥሪያ ቤትሽ ፈቃድ ጠይቂ። ሜትር ይዘሽ ውጪና በሞራሌዎቹ መካከል ያለውን ርቀት ለኪ። እንጨቱ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከሆነ አትቀበዪ፤ ሲደርቅ ይጣመምና ምስማሩን ይዞት ይነሳል። ቆርቆሮው ሲመታ ምስማሩ በጉብታው ላይ ይግባ፣ ውሃው በሚወርድበት ቦይ ላይ ከገባ ያፈሳል። መቁረጫው ደግሞ መቀስ ይሁን። በግራይንደር ሲቆርጡት ብልጭታው ዚንኩን ያቃጥለዋል፣ ዝገቱም ከዚያው ጠርዝ ይጀምራል። «ሴት ናት፣ ምን ታውቃለች» ብለው ይስቁ ይሆናል። ይሳቁ፤ አንቺ ለኪ።

ቆርቆሮውን ራስሽ ግዢ፤ ሠራተኛው ወደሚመራሽ ሱቅ ግን አትሂጂ፣ ኮሚሽኑ ዋጋው ውስጥ አለ። የጌጅ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 32 ጌጅ ከ28 ጌጅ ቀጭን ነው። 28 የሚባለው ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ላዩ ላይ የተጻፈውን ብቻ አትመኚ፤ ጽሑፍ ይፋቃል፣ ይታተማል። ሚዛን ግን አይዋሽም፦ በዚህ ውፍረት አንድ ካሬ ሜትር ጠፍጣፋ ላሜራ ከ3 ኪሎ ጥቂት ይበልጣል፤ 0.2 ሚሊ የሆነው ከአንድ ኪሎ ተኩል ብዙም አይርቅም። ከመኪና ሳይወርድ አንዱን አስመዝኚ። (ላሜራ፣ ሞራሌ፣ ጣውላ... ጣሊያን ሲሄድ ቃሉን ትቶልን ሄደ፤ እኛ አናጢዎች እስከ ዛሬ በእሱ እንግባባለን።)

አሮጌውን ቆርቆሮ ደግሞ ቆጥረሽ አስቀምጪ። «እኛ እንጥለዋለን» ሲሉሽ ቸርነት እንዳይመስልሽ። «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ሰው ለዚያ ገንዘብ ይከፍላል። ደህና ደህናው ለማድ ቤትሽ ይሆናል።

ስለ ገንዘብ አጭር ነው የምለው። ዕቃውን ራስሽ ከገዛሽ ትልቅ ቀብድ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም። እንጨቱ ሲያልቅ አይተሽ፣ ክዳኑ ሲያልቅ አይተሽ ክፈዪ፤ ከአሥር አንድ እጁን አንድ ደህና ዝናብ እስኪወርድበት ያዢ። በቀን ሒሳብ አታሠሪ፣ ሥራው ይንዛዛል፤ በኮንትራት ስታሠሪ ደግሞ ይቻኮላሉና ዓይንሽን አትንቀዪ። ውሉ ላይ የቆርቆሮው ጌጅ፣ የሞራሌው ርቀት፣ የምስማሩ ዓይነት ይጻፍ፤ ሁለት ምስክር ይፈርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 ቤት የሠራ ተቋራጭ ለሥራው ጥንካሬ አሥር ዓመት ኃላፊ ነው ይላል፤ በውል ማሳጠር እንኳ አይቻልም። ሕጉ መልካም ነበር። ሰውየውን ግን የምታውቂው በስልክ ቁጥር ብቻ ከሆነ ስልኩ የተዘጋ ቀን ሕጉን ይዘሽ ወዴት ትሄጃለሽ? ቤቱን እወቂ። አምና የከደነውን ጣሪያ ሄደሽ እዪ፤ የአምናውን ብቻ ሳይሆን ሦስትና አራት ክረምት ያለፈበትንም፤ ባለቤቶቹን ሰውየው በሌለበት ጠይቂ። ቀዳዳውን ካትራሜ ቀብቶ የሚሄድ ሰው ለአንድ ክረምት ጎበዝ ነው።

ደግሞ አትቸኩዪ። ሰውየው «ዝናብ ሳይመጣ» እያለ የሚያጣድፍሽ ከሆነ ገና ጥቅምት ነው በዪው። ከአሁን እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለጣሪያ የተመቸ ነው። ግንቦት ላይ ግን ሁሉም ሰማይ ሰማይ እያየ ይደነግጥና ያገኘውን ይቀጥራል፤ የእኛ ተቋራጭም የሚበላው ያን ጊዜ ነበር።

ሁሉም ሌባ ነው ማለቴ እንዳይመስልሽ። እኔም በኋላ በዚሁ ሙያ ሠላሳ ዓመት በንጹሕ እጅ ሠርቻለሁ፤ ያሳደግኩሽም በእሱ ነው። ደህናውን ሠራተኛ የምትለዪው ስትወጪ ነው፤ እሱ እጁን ዘርግቶ ያወጣሻል፣ ሌላው «እመቤት፣ ይወድቃሉ» ይልሻል።

መሰላሉን ዐርብ ጠዋት በሚነሳው አይሱዙ አስጭኜዋለሁ። እናትሽ ሽሮና በርበሬ አስራበታለች፤ ስትፈቺው ገመዱን አትቁረጪው። ከታች ሦስተኛው እርከን ላልቶ ነበር፤ አጥብቄዋለሁ፣ ግን አንቺ ስትወጪ እሱን ዝለዪው።

አባትሽ